ሜሞሪው ተበይዷል!

ለፕሮግራም ሥራ ላፕቶፕ መግዛት ይህን ያህል ሊያንገበግብ አይገባም ነበር። 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለውን «ለሁሉም ሥራ ይበቃል» እያሉ ይሸጣሉ። አይበቃም! የአንድሮይድ መተግበሪያ መሥሪያውን አንድሮይድ ስቱዲዮን ከኢሙሌተሩ (ስልክን በኮምፒውተር ላይ ከሚያስመስለው ፕሮግራም) ጋር ክፈቱና ጥቂት የብሮውዘር ገጾች ጨምሩበት፤ ማሽኑ ማቃሰት ይጀምራል። ሜሞሪ ልጨምር ስትሉ በማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል፤ አይነቀልም፣ አይቀየርም። ታዲያ ገንዘቤን አፍስሼ የገዛሁት ዕቃ በምኑ ነው የእኔ የሚሆነው?

ለአይፎን መተግበሪያ የሚሠራ ሰውማ ምርጫ እንኳን የለውም፤ መሥሪያ ፕሮግራሙ ኤክስኮድ የሚሠራው በአፕል ኮምፒውተር፣ በማክ ላይ ብቻ ነው። ዋጋውን ማን ይችለዋል? ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ይህ ክፍል የሌለው ማሽን ሌላ ምንም ሳይጎድለው እንደ አሮጌ ይቆጠራል። ያናድዳል!

የቀረኝ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ ነው። እወደዋለሁ፤ ፕሮግራምን ከነሚያስፈልገው ነገር አሽጎ የሚያስኬደው ዶከርም ያለ ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ምናባዊ ኮምፒውተር ሳይፈጠር) በቀጥታ የሚሠራው በሊኑክስ ላይ ነው። ነገር ግን ክዳኑን ዘግቼ ስከፍተው ዋይፋዩ ይጠፋል፤ ለዋይፋይ ካርዱ የሚሆን ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ፕሮግራም) ፍለጋ ሌሊቱ ያልቃል። የዋይፋይ ካርዱን ዓይነት በካርቶኑ ላይ መጻፍ ምን ይከብዳል? ሻጩን ብጠይቀው መልሱ «ፈጣን ነው» ብቻ ነው። ፍጥነቱን መቼ ጠየቅሁ?