ወንበር ተሰጠው፣ ሥራ ግን አልተሰጠውም

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ወረዳ አስተዳደር ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ ውስጥ ሁለቱን ዓመት ጠረጴዛዬ ማየት ከተሳነው ባልደረባዬ ጠረጴዛ ጋር የተጠጋ ነበር። ሰውዬው በሕግ ዲግሪ አለው። ተወዳድሮ አልፎ ነው የገባው። ጠዋት ከሁላችንም ቀድሞ ይመጣል። አንዳችን እጁን ይዘን መፈረሚያው መስመር ላይ እናስቀምጥለታለን፣ ይፈርማል። ከዚያ ይቀመጣል። እስከ ምሳ ይቀመጣል። ከምሳ መልስም ይቀመጣል።

አንድ ቀን ሻይ ይዘን ተቀምጠን፣ «እህቴ፣ እኔ እዚህ ቤት የምሠራው ሥራ ደመወዝ መቀበል ብቻ ነው» አለኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም። የመለስኩለት ነገር ያለም አይመስለኝም።

ቢሯችን ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ማለት አለብኝ። አለቃችንም ደግ ሰው ነበሩ። ሥራ ሲከፋፈል እሱ ጋ ሲደርሱ «እሱን አታስቸግሩት» ይላሉ። ከልባቸው ነው። እኛም ከልባችን ተስማማን። ምሳ እንጋብዘዋለን፣ ታክሲ ድረስ እንሸኘዋለን። ፋይል ግን አንሰጠውም። በዚህ ዓይነት ደግነት ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ የሕግ ባለሙያ ወንበር ላይ አስቀመጥን።

አሁን ብዙ መሥሪያ ቤቶች «አካታች ነን» ይላሉ። እቅዳቸው ላይ አለ፣ ሪፖርታቸው ላይም አለ። ሪፖርቱ የሚቆጥረው ግን ስንት ሰው እንደተቀጠረ ነው። የተቀጠረው ሰው ምን እየሠራ እንደዋለ የሚጠይቅ ሰንጠረዥ እኔ በስምንት ዓመት ውስጥ ሞልቼ አላውቅም።

ሕጉ ግን ከቅጥር አልፎ ይሄዳል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የወጣው የ1986ቱን ሕግ ተክቶ ነው። አሠሪው የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን ለሠራተኛው እንዲያመቻች ያዛል። ካስፈለገም ረዳት እንዲመድብ ግዴታ ይጥልበታል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። ባለሙያዎቹ «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» የሚሉት ይህንን ነው። ቃሉ ከበድ ይላል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ሰውዬው ሥራውን እንዳይሠራ የሚያግደውን ነገር አንሱለት ማለት ነው።

«ለአንድ ሰው ብሎ አሠራር መቀየር እንዴት ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ስብሰባ ላይ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አርብን አስቡ። የመንግሥት ቢሮ በሌላው ቀን ለምሳ የሚወጣው 6:30 ነው። አርብ ግን 5:30 ላይ ይወጣል፣ 7:30 ይመለሳል። ሙስሊም ሠራተኞች ለጁምዓ ሶላት እንዲደርሱ ነው። ለዚህ ሲባል የመንግሥት ቢሮ ሰዓት ሁሉ ተቀይሯል። ማንም ምጽዋት ነው አይልም፣ ማንም ሥራ ተበደለ አይልም። ባለጉዳዩም ለምዶታል፤ አርብ 5:30 ሳይሞላ ጉዳዩን ሊጨርስ ይሮጣል። የሕፃናት ማቆያም እንደዚሁ ነው። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማቆያ እንዲያዘጋጅ ደንግጎ ነበር። ዛሬ ማቆያ ያለው ቢሮ ውስጥ የምትሠራ እናት ልጇን አጥብታ ወደ ጠረጴዛዋ ስትመለስ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ስለዚህ አሠራር መቀየር እናውቅበታለን።

እኛ ቢሮ ባልደረባዬን ያገደው ትልቁ ነገር ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ቴሌግራም ነው።

ኮምፒውተሩ ላይ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ኤንቪዲኤ የሚባል ፕሮግራም ነበረው። በነፃ የሚገኝ ነው፣ ጨረታ አያስፈልገውም። ግን ደብዳቤ እንዴት እንደሚደርሰን ታውቃላችሁ። ደብዳቤው ይጻፋል፣ ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ያርፍበታል። ከዚያ አንዱ በስልኩ ፎቶ ያነሳውና ግሩፑ ላይ ይለጥፈዋል። ብዙ ጊዜ ጠማማ ነው፣ የአንሺው ጥላ ያረፈበትም አለ። እኛ አጉልተን እናነበዋለን። የሱ ፕሮግራም ግን ለፎቶው «ምስል» ከማለት በቀር የሚያነበው የለውም። የስብሰባ ጥሪ፣ አዲስ መመሪያ፣ የደረጃ እድገት ማስታወቂያ ሁሉ ለሱ «ምስል» ነበር። አንድ የእድገት ማስታወቂያ ጊዜው ካለፈ ከሦስት ቀን በኋላ ነው የሰማው። ያውም ሰው ሲያወራ ሰምቶ።

መፍትሔው የመጣው ከጸሐፊያችን ነው። አንድ ቀን «ደብዳቤውን የተየብኩት እኔ፣ ጽሑፉ ያለው እኔ ጋ፤ ለምን ከፎቶው ሥር አልለጥፈውም?» አለች። ለጠፈችው። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። በዚያ ሳምንት እሱ መመሪያውን ከኛ በፊት አንብቦ አንድ አንቀጽ ላይ ጥያቄ አነሳ። ጥያቄው ትክክል ነበር። ከዚያ በኋላ አለቃችን በስልክ የሚመጣውን ቅሬታ እንዲቀበል ፈቀዱ። ሰው ሲያማርር ታግሶ ይሰማል፣ የሰማውን አይረሳም፣ ሕጉን ያውቃል። ባለጉዳዮች በስሙ እየጠሩ ይደውሉ ጀመር።

ይህ ነገር ለነዋሪውም ይተርፋል። የኛ ወረዳ ፎቅ ሊፍት አልነበረውም። በክራንች የሚሄድ ነዋሪ ሲመጣ ጥበቃው ጋሼ ወረቀቱን ተቀብለው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይወጡለታል፣ ማኅተም አስደርገው ይወርዳሉ። ነዋሪው በር ላይ ፀሐይ ላይ ይጠብቃል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄድና ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። እኛ ሁላችን ያንን ደረጃ በየቀኑ እንወጣለን፣ አይታየንም። ነገሩን ስብሰባ ላይ መጀመሪያ ያነሳው ባልደረባዬ ነው። «አገልግሎቱን ሦስተኛ ፎቅ ያደረግነው ለምንድን ነው? ምድር ቤት ያለውን ስቶር ለምን አናወጣውም?» አለ። ሊፍት እስኪገጠም አልጠበቀም። ስቶሩ ወጣ፣ አንድ መስኮት ምድር ቤት ተከፈተ።

አንድ ነገር ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ያለ ሥራ በተቀመጠባቸው ሁለት ዓመታት የሥራ አፈጻጸም ምዘና ይሞላለት ነበር። በየስድስት ወሩ መካከለኛ ነጥብ ይሰጠዋል፣ እንዳይከፋው ተብሎ። ለደረጃ እድገት ሲወዳደር ያ ነጥብ ተደመረበት። ሥራ ከልክለነው፣ ባልሠራው ሥራ መዝነነው፣ በምዘናው ጣልነው። ከሱ ያነሰ ልምድ ያለው ሰው አለፈ። አቤት በል ስለው «ማንን ልክሰስ? ሁሉም ይወዱኛል» አለኝ።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የወረዳና የክፍለ ከተማ ኃላፊዎች እቅድ ስታዘጋጁ ብዙ አልለምናችሁም። የቀጠራችሁትን አካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ጠርታችሁ ዛሬ ምን ሠራህ፣ ምን ሠራሽ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ምንም» ከሆነ የዚያን ሰው ምዘና አትሙሉ፤ መጀመሪያ ሥራ ስጡት። ደብዳቤ የምትለጥፉም ከፎቶው ሥር ጽሑፉን ጨምሩ፤ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ይቻላል።