ዓይነ ስውር ልጅ ጁዶ ይችላል

ከቱሉ ዲምቱ አንዲት እናት ዓይነ ስውር ልጃቸውን ጁዶ (የተጋጣሚን ልብስ ይዞ የመጣል ትግል) ማስጀመር እንደሚፈልጉ ጽፈው ነበር። ብዙዎቻችሁ «ካላየ እንዴት ይመክታል? ይቅርበት» ብላችኋል። ለልጁ አስባችሁ መሆኑ ይገባኛል፤ ግን ስህተት ነው።

ጁዶ ውስጥ ቡጢና እርግጫ የለም። ማየት የተሳናቸው ሲጋጠሙ ገና ከመጀመሪያው ልብስ ለልብስ ተያይዘው ነው። ከተለያዩ ዳኛው አስቁሞ እንደገና ያያይዛቸዋል። የተጋጣሚ ሚዛን ወዴት እንዳዘነበለ በእጅ ይታወቃል። ደግሞ ጀማሪ ቀድሞ የሚማረው ሳይጎዱ መውደቅን ነው። ክፍት ቦይ በበዛበት ሠፈር ለሚሄድ ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ስፖርቱ በፓራሊምፒክ፣ ማለትም በአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ፣ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። የተጠራጠረ የፓሪስ 2024ን ጁዶ ዩቲዩብ ላይ አይቶ አጀማመራቸውን ልብ ይበል።

«ይቅርበት» ማለት ልጁን ቤት ማስቀረት ነው። እህቴ፣ አሰልጣኙን «ተያይዘው እንዲጀምሩ ያደርጋሉ?» ብለው ይጠይቁ።