ደመወዝ የሌለው ተላላኪ

ሌሊት አልጋው ላይ ተጋድሞ በአውራ ጣቱ ዕቃ የሚገዛ ሰው ጌታ ነው። ያማርጣል፣ ቀለም ይቀያይራል፣ ጋሪው ውስጥ ከትቶ መልሶ ያወጣል፤ ፊቱን የሚያጠቁርበት ባለሱቅ የለም። መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ ግን ሁለት ምርጫ ይቀርብለታል፦ ቤት ድረስ ይምጣልዎ ወይስ በአቅራቢያዎ ካለ መረከቢያ ይወስዳሉ? የፊተኛው ያስከፍላል፤ የኋለኛው ነፃ ነው። ጌታው «ነፃ» የሚለውን ይጫናል። በዚያች ቅጽበት ከጌትነት ወርዶ ተላላኪ ሆኖ ይቀጠራል፤ ቀጣሪውም ራሱ፣ ተቀጣሪውም ራሱ፣ የትራንስፖርት ከፋዩም ራሱ።

ነገሩ የነጋዴ ተንኮል ብቻ አይደለም፤ ሒሳብ አለው። ዕቃ ከመጋዘን ተነስቶ ከተማ እስኪገባ ያለው ጉዞ ለአንድ ጥቅል ሲካፈል ርካሽ ነው፤ ብዙው በአንድ መኪና ይጫናልና። ኪስ የሚያራቁተው የመጨረሻው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፦ በር ማንኳኳት፣ «ወጥቷል» መባል፣ መደወል፣ ስልኩ ዝግ መሆኑ፣ በማግስቱ እንደገና መምጣት። መቶ ጥቅል ይዞ መቶ ደጅ ከመዞር መቶውን አንድ ቦታ ዘርግፎ መሄድ ይቀላል። እናም ያቺን አድካሚ ጉዞ ለመቶ ሰው ቆራርሰው አከፋፈሉን፤ እኛም ነፃ ነው ብለን አመሰገንን።

ከሁሉ በፊት የመልእክቱን ቋንቋ መልመድ ያሻል። «ዕቃዎ ተልኳል» ማለት ብዙ ጊዜ የአድራሻ ወረቀት ተለጥፎበታል ማለት ነው፤ ከቦታው ተነቃንቋል ማለት ላይሆን ይችላል። «ከተማዎ ደርሷል» ማለት ማከፋፈያ መጋዘን ውስጥ ከመሰሎቹ ጋር ተከምሯል ማለት ነው። ጫማ ለማድረግ የሚያበቃው «ለመረከብ ዝግጁ ነው» የሚለው ብቻ ነው። እሱንም ሰው ቁጭ ብሎ አይጽፈውም፤ የመረከቢያው ሠራተኛ ጥቅሉን ስካን ሲያደርግ ሲስተሙ በራሱ ይልከዋል። ችግሩ፣ ስካን መደረግና መደርደሪያ ላይ መቀመጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ነው። በሁለቱ መካከል ጥቅሉ ወለል ላይ ተዘርግፎ ተራውን ይጠብቃል። መልእክቱ በገባ በአምስት ደቂቃ እየሮጠ የሚደርስ ሰው «ገና አልደረደርንም» ይባላል። ይቆጣል፤ ስልኩን አውጥቶ እንደ ማስረጃ ያሳያል። ስልኩም ልክ ነው፣ ሠራተኛውም ልክ ነው፤ የተሳሳተው የሮጠው ብቻ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ዘግይቶ የሚሄድ ሰው ሰተት ብሎ ገብቶ ሰተት ብሎ ይወጣል።

መረከቢያው ብዙ ጊዜ ሌላ ሥራ ያለው ሱቅ ነው። ባለቤቱ ከአጓጓዡ በጥቅል ትንሽ ኮሚሽን ያገኛል፤ ትልቁ ተስፋው ግን የተረካቢው ዓይን ነው። አንዱን ዕቃ ሊወስድ የገባ ሰው ሌላ ዕቃ ገዝቶ እንዲወጣ ይፈለጋል። ጥቅሎቹ ብዙ ጊዜ በሩ አጠገብ ሳይሆን ከሱቁ ጓዳ የሚቀመጡት በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ጓዳ ውስጥ ደግሞ ማንም በስሙ አይታወቅም። ጥቅሉ ሲገባ የመደርደሪያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ አለበለዚያም በመከታተያ ቁጥሩ የመጨረሻ አሃዞች ይደረደራል። ስለዚህ «የእከሌ ዕቃ» ብሎ መጠየቅ ሠራተኛውን አይረዳውም። ባንኮኒው ጋ የሚሰማው ንግግር ይህን ይመስላል፦

«ኮድዎን ይንገሩኝ፣ እናቴ።»

«ኮድ የሚባል አላውቅም ልጄ። ጫማ ነው።»

«ጫማ ብዙ አለ እናቴ። በቴክስት የተላከ ቁጥር የለም?»

«እሱ ልጄ ጋ ነው። ሥራ ላይ ናት።»

«ይደውሉላትና ታንብብልዎት።»

ይደወላል። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ይደረጋል። ልጅቷ ከቢሮዋ ሆና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አሥራ ሦስት አሃዝ ማንበብ ትጀምራለች። ሠራተኛው ሰባተኛው ላይ ያስቆማታል፤ የምታነበው የመከታተያ ቁጥሩን ነውና። ሌላ ታነባለች፤ እሱ ደግሞ የትእዛዝ ቁጥሩ ሆኖ ይገኛል። በሦስተኛው ዋናው ይመጣል፤ ሰልፈኛው ሁሉ ይሰማዋል፤ ከኋላ የቆሙ አንድ አባት ለሠራተኛው ይደግሙለታል።

እዚህ ላይ የሚስቅ ሰው የራሱን ስልክ ከፍቶ ይይ። አንድ መልእክት ውስጥ ሦስት ቁጥር ይታጨቃል። የትእዛዝ ቁጥሩ የሻጩ ነው፤ ከሻጩ ጋር ስንጨቃጨቅ ያስፈልጋል። የመከታተያ ቁጥሩ የአጓጓዡ ነው፤ ረጅም ነው፤ ብዙ ጊዜም ፊደል አለበት። ባንኮኒው ላይ የሚፈለገው ሦስተኛው፣ አጭሩ ነው፤ በአብዛኛው ከአራት እስከ ስድስት አሃዝ። እሱ ፊርማ ማለት ነው፤ ሲስተሙ ውስጥ ከገባ ዕቃውን ተረክባችኋል። በስልክ ደውሎ «ኮዱን ይንገሩኝና ዕቃዎን ላዘጋጅልዎ» ለሚል ማንኛውም ደግ ሰው የማይነገረው ለዚሁ ነው። «ጥቅልዎ ተይዟል፣ ትንሽ ክፍያ ይጎድላል» ብሎ ሊንክ የሚልክም እንዲሁ፤ ከሊንኩ ጀርባ ብዙ ጊዜ ጥቅል የለም፣ የባንክ ካርድ የሚፈልግ ሌባ እንጂ።

ኮዱ ተገኘ ማለት ደግሞ ተነበበ ማለት አይደለም። ቀይ መስመር የሚያበራው የድሮ ባርኮድ ማንበቢያ የሚሠራው ከወረቀት ላይ ተንፀባርቆ በሚመለስ ብርሃን ነው፤ የስልክ ስክሪን ሲያጋጥመው ግራ ይጋባል። ሠራተኛው ስልኩን ያጋድላል፣ ያርቃል፣ ያቀርባል፣ በመጨረሻም ቁጥሩን በእጁ ይመታዋል። በካሜራ የሚያነበው አዲሱ ዓይነት ስክሪን አይፈራም፤ ነገር ግን ባትሪ ለመቆጠብ ብርሃኑ የደበዘዘ፣ ወይም በጨለማ ገጽታ ጥቁሩና ነጩ የተገለባበጠ ኮድ ያስቸግረዋል። ኪውአር ኮድ በባሕርይው ታጋሽ ነው፤ በአሠራሩ ደረጃ ከ7 እስከ 30 በመቶ ያህሉ ቢበላሽም ይነበባል። የተሰነጠቀ ስክሪን የያዘ ሰው እንግዲህ ተስፋ አይቁረጥ። ስክሪንሾት ይዞ የመጣ ግን ይጠንቀቅ፤ አንዳንዱ አፕ ኮዱን በየጊዜው ይቀይረዋል፤ የትናንቱ ፎቶ ለዛሬ ትዝታ ነው።

መታወቂያ በሚጠየቅበት ቦታ ሌላ ጣጣ አለ። ሰው አካውንት ሲከፍት ስሙን የሚጽፈው በሞቅታ ነው፦ የቤት ስም፣ ቅጽል ስም፣ ከስሙ ጎን የልብ ሥዕል። መታወቂያው ላይ ግን ልብ የለም። ሌላ ሰው ለሚልክም ያው ነው፤ አፑ ውስጥ «ሌላ ሰው ይረከባል» የሚል ምርጫ ካለ አስቀድሞ የተወካዩን ስም ማስገባት ይገባል። ባንኮኒው ላይ «ወንድሜ እኮ ነው፣ መልካችን አይመሳሰልም?» ማለት አያዋጣም።

«የለም» ከተባለ ደግሞ ወዲያው አይወጣም። ካርቶን ነው ወይስ ፖስታ ብሎ መጠየቅ ነው። ቀጫጭን የፕላስቲክ ከረጢቶች ለብቻቸው ሣጥን ውስጥ ይከተታሉ፤ ወይም ከትልልቆቹ ጀርባ ይሸጎጣሉ። ትልቁ ደግሞ መደርደሪያ ስለማይበቃው መሬት ላይ ነው። 6 እና 9 የተገለባበጡበት ቀንም አለ።

አሁን ወደ እውነተኛው መከራ እንምጣ፦ የተከፋፈለ ትእዛዝ። አንድ ሌሊት አምስት ዕቃ ያዘዘ ሰው አምስቱም አንድ ላይ የሚመጡ ይመስለዋል። ዕቃዎቹ ያሉት የተለያየ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ እንደ ሠርግ እንግዳ በየሰዓቱ ይገባሉ። ሰኞ ሁለቱ፣ ረቡዕ አንዱ፣ የቀሩት «በመንገድ ላይ»። በመጡ ቁጥር ልሂድ ካለ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ ነፃ ያለው መላኪያ በትራንስፖርት አለቀ። ተጠራቅመው ልውሰድ ካለ ደግሞ የሰኞዎቹ ጊዜ ያልቃል። የማቆያው ጊዜ ለእያንዳንዱ ጥቅል ለየብቻው ይቆጠራል፤ መቆጠር የሚጀምረውም መልእክቱ ሲላክ እንጂ ስናነበው አይደለም። ቀኑ ካለፈ ጥቅሉ ወደ ላኪው ይመለሳል። ማራዘሚያ የሚፈቅድ አፕ ሲኖር ማራዘሚያውን መንካት የሚቻለው ጊዜው ከማለቁ በፊት ነው፤ ካለፈ በኋላ ቁልፉ ይጠፋል። መፍትሔው አንድ ነው፤ መጀመሪያ የመጣው ጥቅል የሚያበቃበትን ቀን ቀጠሮ አድርጎ፣ በዚያ ቀን የተገኘውን ሁሉ ይዞ መምጣት። ያኔም ቢሆን አምስተኛው በማግስቱ ይመጣል።

ሰው አልባው መረከቢያ፣ ማለትም በኮድ የሚከፈተው የሣጥን ግድግዳ፣ ፊት አያጠቁርም፤ ሰላምታም አይመልስም። ጀርመኖች «ፓክስቴሽን» ብለው በ2001 እ.ኤ.አ. ጀመሩት፤ የፖላንዱ «ፓችኮማት» በ2009 ተከተለ፤ አማዞንም በ2011 የራሱን ሎከሮች አቆመ። የፓችኮማት ሣጥኖች ወርዳቸውና ጥልቀታቸው 38 በ64 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ቁመታቸው 8፣ 19 እና 41 ነው፤ ክብደት እስከ 25 ኪሎ። ከዚህ ያለፈ ዕቃ ያዘዘ ሰው ሰው ያለበት ቦታ ይፈልግ። ማቆያውም እዚያ 48 ሰዓት ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ሣጥኑ ካልተለቀቀ የሚቀጥለው ጥቅል አይገባም። ሣጥኑ ሁሉ ሲሞላ አጓጓዡ ዕቃውን ሌላ ሎከር ሊከተው ይችላል፤ ስለዚህ ከቤት ከመውጣት በፊት አድራሻውን ደግሞ ማንበብ ነው። የለመድነው ሎከር ፊት ቆሞ ኮድ እየመቱ ማሽን መስደብ የተለመደ ትዕይንት ሆኗል፤ ማሽኑ ግን የሌላ ሰፈር ኮድ ከየት ያውቃል?

በሩ ሲከፈት እጅ በፍጥነት መግባት አለበት። ዕቃው ሣይወጣ በሩ ከተገፋ ወይም ነፋስ ከዘጋው፣ ብዙው ሲስተም «ተረክቧል» ብሎ ይመዘግብና ኮዱን ያቃጥለዋል። አንዳንዱ «ወስደዋል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሳያዩ «አዎ» የሚሉ ጣቶችን ግን የሚያድናቸው የለም። ስክሪን የሌላቸው፣ በስልክ ብሉቱዝ ብቻ የሚከፈቱም አሉ። እነሱ ፊት ስልክ ባትሪው ካለቀ፣ ዕቃው በአንድ እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጦ ቻርጀር ፍለጋ ይኬዳል። አጭር ሰው ላይኛው ረድፍ፣ ወገቡን የሚያመው ታችኛው ረድፍ ይደርሰዋል፤ ይህን በጥናት ማረጋገጥ አያስፈልግም፣ ሁሉም ያውቀዋል።

ዕቃው እጅ ሲገባ ደግሞ ሌላ መደነቅ አለ፦ ለአንድ ቻርጀር ገመድ የመጣው ካርቶን። የመጋዘኑ ካርቶኖች የመጠን ዓይነታቸው ጥቂት ስለሆነ ገመዱ ቅርብ የተገኘው ውስጥ ይገባል። በአየር የሚጭኑ ብዙ አጓጓዦች ርዝመት፣ ወርድና ቁመቱን በሴንቲ ሜትር አባዝተው ለ5,000 ያካፍሉና፣ የተገኘው ከሚዛኑ ከበለጠ በእሱ ያስከፍላሉ። 40 በ30 በ25 የሆነ ካርቶን 6 ኪሎ ይባላል፤ ውስጡ ያለው አየርና አንድ ገመድ ቢሆንም። የእጅ ቦርሳ ይዞ የመጣ ተረካቢም አየሩን አቅፎ ይመለሳል።

ከመውጣት በፊት ስድስቱንም ገጽ ማየት ነው። የተጨፈለቀ ማዕዘን፣ የረጠበ ጎን፣ በተለይ ደግሞ ፕላስተር ላይ ሌላ ዓይነት ፕላስተር የተደረበበት ካርቶን ጥርጣሬ ይገባዋል፤ አንድ ሰው ቀድሞ ከፍቶታል። የአድራሻ ወረቀቱን ቀርጾ፣ ካሜራውን ሳያቋርጡ እዚያው ባንኮኒው ላይ መክፈት ከሻጩ ጋር የሚደረገውን ሙግት ያሳጥራል። ሰልፈኛው ያጉረመርማል፤ ያጉረምርም።

ልኩ ያልሆነው ጫማም ተመልሶ የሚሄደው በዚሁ ባንኮኒ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በኦንላይን የገዛ ሰው ዕቃውን በተረከበ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት ሐሳቡን መቀየር ይችላል፤ አንዳንድ ዕቃ ብቻ ከዚህ ውጭ ነው። በሌላው ዓለም እንደ ሻጩ ውል ነው። አፑ ምክንያት ሲጠይቅ ከዝርዝሩ መሃል «ልኩ አልሆነም»ና «ሐሳቤን ቀየርኩ» የሚሉት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ በአንዳንድ ሻጭ ዘንድ ልዩነታቸው የመመለሻውን ዋጋ ማን ይከፍላል የሚለው ነው። ካርቶኑ ዳግም ሲያገለግል የድሮው ባርኮድ ይላጥ ወይም በጥቁር ቀለም ይሸፈን። ካልሆነ ማሽኑ የቀድሞውን ያነብና ጫማው አገር ዞሮ ተመልሶ ለባለቤቱ ይመጣል፤ ልኩ ግን አይቀየርም።

ሠራተኛው ሲመልሱለት የሚሰጠው ደረሰኝ ገንዘቡ እስኪገባ ድረስ አይጣልም። በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለሆነ ኪስ ውስጥና መኪና መስታወት ሥር ቶሎ ይደበዝዛል፤ ገንዘቡ ሳይመጣ ጽሑፉ ይጠፋል። እዚያው እንደቆሙ ፎቶ ማንሳት ነው፤ የመመለሻ ቁጥሩ እንዲነበብ፣ ጣት ሳይሸፍነው።