ጉድጓዱን ከመድፈናችን በፊት

መሬት ላይ አዲስ የአፈር ክምር ስናይ ቶሎ የሚታሰበን መርዝ ወይም ወጥመድ ነው። ፍልፈል ማሳ አበላሸ፣ ምስጥ ግቢ ወረረ እንላለን። ንዴቱ ይገባኛል። ፍርዱ ግን የችኮላ ነው ባይ ነኝ። በምንረግጠው አፈር ውስጥ የእነዚህ ቆፋሪዎች እጅ አለበት።

ቻርለስ ዳርዊን ይህን ቀድሞ አይቶታል። በ1881 እ.ኤ.አ.፣ ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ያሳተመው መጽሐፍ ስለ ምድር ትል ነበር። በብዙ የእንግሊዝ ቦታዎች በአንድ ኤከር (0.4 ሄክታር ገደማ) ላይ በዓመት ከ10 ቶን በላይ አፈር በትሎች ሆድ እንደሚያልፍ አሰላ። ትሉ ከታች የዋጠውን ከላይ ይጥለዋል። ሜዳ ላይ የተተወ ድንጋይ ከዓመታት በኋላ ተቀብሮ የሚገኘውም ለዚህ ነው። ከሥሩ የነበረው አፈር ቀስ በቀስ ወጥቶ ከላዩ ተደርቧል።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የብራዚሉ ነው። በሰሜን ምሥራቅ የአገሪቱ ክፍል ወደ 200 ሚሊዮን የሚጠጉ የአፈር ጉብታዎች አሉ። እያንዳንዱ 2.5 ሜትር ያህል ይረዝማል። ያረፉበት ቦታ የታላቋን ብሪታንያ ስፋት ያክላል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ሠሪዎቹ ምስጦች መሆናቸውን፣ አንዳንዱ ጉብታም እስከ 4,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳለው አሳየ። ጉብታው መኖሪያቸው እንኳን አይደለም። መሬት ውስጥ መተላለፊያ ሲቆፍሩ ያወጡት ትርፍ አፈር ነው። እስቲ አስቡት፤ ያን የሚያክል አገር የተገነባው በአንዲት ነፍሳት አፍ፣ ቅንጣት በቅንጣት ነው!

ሁሌም ደግ ያደርጋሉ አልልም። የውኃ መከላከያ ግድብን የበሳ ጉድጓድ ጎርፍ ሊያመጣ ይችላል። ከአውሮፓ የሄዱ ትሎች የገቡባቸው የሰሜን አሜሪካ ደኖችም መሬታቸውን የሸፈነውን የረገፈ ቅጠል እያጡ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ መከላከል ተገቢ ነው። እኔ የምቃወመው ሳይጣራ የሚበተነውን መርዝ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ፕሬሪ ዶግ የሚባለው ቆፋሪ እንስሳ የከብት ግጦሽ ይሻማል ተብሎ ለአሥርት ዓመታት በመርዝ ተፈጀ። እሱን እያደነ በጉድጓዱ የሚጠለለው ባለ ጥቁር እግሩ ፌሬት የተባለው ትንሽ ሥጋ በል እንስሳም አብሮ ሊጠፋ ደረሰ። በ1979 እ.ኤ.አ. ጠፍቷል ተባለ። በ1981 ዋዮሚንግ ውስጥ ጥቂቶች ባይገኙ ኖሮ ዛሬ አናየውም ነበር።

እርሻ ያላችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። መርዝ ከመግዛታችሁ በፊት ትሎች በበሱት መሬትና በደደረው መሬት ላይ እኩል ውኃ አፍስሱ። የቱ ቶሎ እንደሚጠጣው ቁጭ ብላችሁ እዩ።