ያ ደም የት ሄደ?

ድሬዳዋ ውስጥ ድካም ሰበብ አያጣም። ሙቀቱ አለ፣ ወባው አለ። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው “አቅም አጣሁ” ቢል፣ “አንተ፣ ሙቀቱ ነው፣ ውሃ ጠጣ” ይባላል። (እኛ ጋ ሽማግሌውም አንተ ነው።) ጤና ጣቢያ ቢሄድ ደሙ ይመረመራል፣ ደም ማነስ ይባላል፣ የአይረን ኪኒን ይዞ ይመለሳል። ያ ደም የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም።

የትልቁ አንጀት ካንሰር በቀኝ በኩል ሲነሳ ብዙ ጊዜ አመጣጡ እንዲሁ ነው። እዚያ አንጀቱ ሰፊ ነው፣ ሰገራውም ገና ፈሳሽ ነው። እጢው ቢያድግም ቶሎ አይዘጋውም። የሚንጠባጠበው ደም ከሰገራው ጋር ስለሚደባለቅ በዓይን አይታይም። በግራ በኩል ግን አንጀቱ ጠበብ ይላል፣ ሰገራውም ይጠጥራል። ሰውየው ይደርቅበታል፣ ያምጣል፣ ደም ያያል። እሱንም ቢሆን “ኪንታሮት ነው”፣ “ጫቱ ነው ያደረቀህ” እያልን እናሳልፈዋለን እንጂ!

ጉዳዩ በምልክት ብቻ አያበቃም። ሁለቱ ጎኖች በጽንስ ጊዜ የሚሠሩት ከተለያየ የአንጀት ክፍል ነው። የካንሰሩም የዘረመል ጠባይ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ 66 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና በግራ የጀመረባቸው ታካሚዎች የመሞት ስጋት በ18 በመቶ ገደማ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ካንሰሩ ከተሰራጨ በኋላ ልዩነቱ ይብሳል። ሴቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት እንኳ ለግራው ጥሩ ሲሠራ ለቀኙ እምብዛም አይፈይድም።

ስለዚህ ቀኝ ማለት ሞት ማለት ነው? አይደለም። ካንሰሩ ወደ ንፍፊቶች ሳይዛመት ከተደረሰበት የቀኙ ውጤት ከግራው አይከፋም፤ አንዳንድ ጥናት ላይ እንዲያውም ይሻላል። አይረን እየዋጥን የምናባክነው ጊዜ የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው።

የአንጀት ትልና ወባ ይመርመሩ፣ እነሱም ደም ያሳጣሉ። ነገር ግን ጎልማሳ ወንድ ወይም የወር አበባዋ የቆመ ሴት በአይረን እጥረት ደም ሲያንሳቸው፣ ምርመራው እዚያ ላይ ሊቆም አይገባም። ትልቁን አንጀት ውስጡን በካሜራ ለሚያሳየው ምርመራ፣ ለኮሎኖስኮፒ ይላኩ። መሣሪያው በፊንጢጣ እንደሚገባ ሲሰማ የሚሸሽ ብዙ ነው፤ ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ያስረዳው። ደግሞ ምርመራው ትርፍ አንጀት እስካለበት እስከ ትልቁ አንጀት መጀመሪያ ይድረስ። ግራውን ብቻ አይቶ “ነፃ ነህ” ማለት ቀኙን ጨርሶ አለማየት ነው።

ከተገኘ፣ የካንሰር ሕክምና ያለው ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሐረር ነው፣ ከእኛ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው። በሽተኛው ሲላክ ግን እጢው በየትኛው ጎን እንዳለ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ይሂድ። “የአንጀት እጢ” ብቻ የሚል ወረቀት መድኃኒት ለሚመርጠው ሐኪም ግማሽ መረጃ ነው።