እራት በአራት

ሰዓቱ ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ በሚቆጠርበት አገር ሆዳቸውን ከፀሐይ መጥለቂያ ጀምረው የሚቆጥሩትን የአዲስ አበባ ዳርቻ ነዋሪዎች፣ በተለይም የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቼን፣ እስካሁን በአደባባይ ያመሰገናቸው ሰው አለመኖሩ ያሳዝነኛል። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፍ ይዘው ቁርስን በሻይ ይሸኙታል፣ ምሳን በአንድ ሳምቡሳ ያታልሉታል፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ግን የቀኑን ዕዳ በአንድ ትሪ ከፍለው፣ የታጠቡት እጅ ሳይደርቅ ይተኛሉ። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ነው የሚል ይኖራል። እሑድ፣ ማንም የትም ባልሄደበት ቀን፣ እራት በዚያው በአራት ሰዓት መቅረቡን ስመለከት ግን ጉዳዩ የትራንስፖርት ሳይሆን የመርሕ መሆኑን ተረድቻለሁ።

እርግጥ ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ የተባሉ አሜሪካውያን፣ በሕዋሳት ውስጥ ቀንና ሌሊትን የሚለይ ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ በፍራፍሬ ዝንብ ላይ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። እኛ ግን ዝንብ አይደለንም። ሲመሽ ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን እየጨመረ ቆሽት ስኳርን ከደም የሚያስወጣውን ኢንሱሊን ማመንጨቱን ይቀንሳል፤ ጠዋት ተበልቶ ቢሆን ፈጥኖ ከደም ይወጣ የነበረው የእንጀራው ስኳር፣ ሌሊት ሲበላ እዚያው ሲንጎራደድ ይቆያል። ይህንን ጉዳት የሚሉት አሉ። እኔ የሥራ ፈጠራ እለዋለሁ፤ ሥራ አጥነት በበዛበት ዘመን ለቆሽት የሌሊት ፈረቃ መክፈት ቀላል ነገር አይደለምና። ቆሽት የሚያርረው በንዴት ብቻ ይመስለን ነበር፤ ጎረቤቶቼ በሽሮም እንደሚያርር አሳይተዋል።

ቁጠባውም አይረሳ። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ የቦስተን ጥናት፣ 16 ሰዎች ያንኑ ምግብ ለአራት ሰዓታት ያህል አዘግይተው ሲበሉ ረሃባቸው ጨምሮ ሰውነታቸው የሚያቃጥለው ኃይል ቀንሷል። ዘይት በዚህ ዋጋ በሚሸጥበት ጊዜ፣ ከተበላው ላይ እንዲህ ቆጥቦ ትርፉን በቦርጭ መልክ የሚያስቀምጥ ሌላ ባንክ የት ይገኛል?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤቴ ዘንድ እራት ተጋብዤ፣ ቃር እንደሚያሠቃየኝ፣ ሐኪምም ከበላሁ በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ሳልተኛ እንድቆይ እንደመከረኝ በትሕትና አስረዳሁ። እትዬ የግድግዳውን ሰዓት አይተው በጣታቸው ቆጠሩ።

«በሞቴ፣ ይቺን ጉረስልኝ። እንግዲያ ሰባት ሰዓት ላይ ትተኛለህ፤ እስከዚያ እንቅልፍ እንዳይጥልህ ቡናውን ጥጄዋለሁ» አሉኝ።