ቅሬ የማትቀሩ፣ ችሎት የማትገኙ

የደሴ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። የኮምቦልቻና የሐይቅ ሰውም ቢሰማ አይከፋም።

የዛሬ ዓመት ተመንፈቅ ፒያሳ ላይ ኦቾሎኒ ገዛሁ። የተጠቀለለበትን ወረቀት ስፈታው የአንዲት ሴት መታወቂያ ኮፒ ነው። ፎቶዋ፣ አድራሻዋ፣ ከታች በእስክሪብቶ ስልኳ። ወደ ሻጩ ልጅ ተመለስኩ። ወረቀቱን በኪሎ ነው የገዛው። ክምሩን ስናገላብጥ የሰፈሬ ሰው ሁሉ እዚያ ተኝቷል። የእኔም አለ፣ ግንባሬ ላይ ዘይት ፈሶበት። ሁላችንም ኮፒውን የሰጠነው ለአንድ መሥሪያ ቤት ነበር።

11 ሰው ለቅሜ ቤታችሁ ድረስ መጣሁ። ምን አላችሁኝ? «አብሽር፣ ምን ይመጣል ብለህ ነው?» ሳቃችሁ። ቡና አጠጣችሁኝ፣ በረካው ድረስ። ስም ጻፉ ስላችሁ ጻፋችሁ። ጠበቃ ጋ እንሂድ ስላችሁ ግን ሦስት ሰው መጣ።

እናንተ እኮ ቅሬ፣ ማለት የለቅሶ ዕድራችሁ፣ አትቀሩም! ዝናብ ቢወርድ፣ ጦሳ በጉም ቢሸፈን፣ የማታውቁትን ሰው ቀብር ትሸኛላችሁ። በቁም ለተነካችሁት ነገር ግን እያንዳንዳችሁ ለብቻ ታጉረመርማላችሁ።

ለብቻማ እንደማያዋጣ አውቃለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ1952 ጀምሮ ለኅሊና ጉዳት የሚቆረጠው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ በቁጥር 2116 ደንግጓል። ለዚች ብር ማን ጠበቃ ያቆማል? የወል ክስ የሚባለው ነገር የተፈለገውም ለዚሁ ነው። የአንዱ ጉዳት ትንሽ ሲሆን፣ የብዙው ተደምሮ ችሎት ፊት እንዲቆም።

አሜሪካኖቹ ጋ ብዙዎች ካሳ በሚጠይቁበት የወል ክስ ዝም ያለ ሰው እንደገባ ይቆጠራል፤ የማይፈልግ «አውጡኝ» ይላል። በ2017 በፈረንጆች ኢኩፋክስ ከሚባል ድርጅት ወደ 147 ሚሊዮን ሰው መረጃ ሲሰረቅ፣ አብዛኛው ሰው አንድ ወረቀት ሳይፈርም ነው ክሱ ውስጥ የተቆጠረው።

እኛ ጋ ተገላቢጦሽ ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 38 አንዱ ለብዙዎች እንዲከስ ይፈቅዳል። ግን ጥቅማቸው አንድ የሆነው ሰዎች ሁሉ በዚህ መስማማታቸውን ፍርድ ቤቱ ማመን አለበት። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ትሉኛላችሁ። እዚህ ችሎት ዝም ባለ አፍ ካሳም አይገባም።

ደግሞ «ሕግ የት አለ?» አትበሉኝ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፣ በአንቀጽ 37 ደግሞ ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸውን ወክሎ ፍትሕ መጠየቅን ይፈቅዳል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ሌላም አለ። ያመጣሁላችሁን የየራሳችሁን ኮፒ የጣላችሁት፣ ምን ነካችሁ? በ2021 በፈረንጆች የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የሰዎችን የብድር ታሪክ በሚዘግብ ትራንስዩኒየን በተባለ ድርጅት ላይ የቀረበ ክስ አይቶ ነበር። ከሳሾቹ 8,185 ናቸው። ድርጅቱ ስለ እነሱ የያዘው የተሳሳተ ዘገባ ለሌላ ወገን መተላለፉ የታየው ለ1,853ቱ ስለሆነ፣ በዋናው ጥያቄ የካሳ በር የተከፈተው ለእነሱ ብቻ ነው። የሌሎቹ ስሕተት ፋይል ውስጥ ተኝቶ ቀረ ተባለ። የእኛ ዳኛ በዚያ ፍርድ አይገደድም። ግን «ማን እጅ ገባ?» ብሎ ቢጠይቅ የዘይት ጠብታ ያለበት ኮፒ ከመቶ ምስክር ይሻላል።

(እናንተም ንጹሕ አይደላችሁም። ባለፈው የቅሬውን መዝገብ ከነስልክ ቁጥሩ ቴሌግራም ላይ የለጠፈው ማን ነበር? የለቅሶተኛውን ፊትስ እያነሳችሁ የምትለቁት?)

ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143። ከዚያ በኋላ ይርጋ ነው፤ ጊዜው አልፏል ይባላል። እኛ በኔ ቆጠራ ስድስት ወር ቢቀረን ነው፤ ወረቀቱ ከመሥሪያ ቤቱ የወጣው ቀድሞ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያነሰ።

የእኔ ኮፒ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። ስማችሁን ጽፋችሁ የጠፋችሁት ስምንታችሁ፣ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ፍርድ ቤቱ በር ላይ ነኝ። ወደ ሰኞ ገበያ ስትወርዱ ታገኙኛላችሁ። እስክሪብቶ አለኝ።